ቤት ለእንግዳ፣ ግቢ ለበቅሎ

ባለፈው ጥቢ ለአንድ የኅትመት ጉዳይ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ተጉዤ ነበር። ጉዳዬ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ስለነበረና ሦስት ጠዋት በተከታታይ መገኘት ስለነበረብኝ፣ በዚያች ከተማ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆቴል ተከራየሁ። ሆቴሉን የመረጥሁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መሐል ፒያሳ ላይ ነው፤ ሁለተኛ፣ ግቢው መኪና ያስገባል። ስልክ ደውዬ መጀመሪያ የጠየቅሁትም ስለ አልጋው ምቾት ወይም ስለ ዋጋው አልነበረም። «መኪና ማቆሚያ አላችሁ?» ነበር ያልሁት። «ሰፊ ግቢ፣ የሌሊት ጥበቃም አለን» የሚል መልስ ሲመጣልኝ፣ አልጋው ምንም ዓይነት ቢሆን እንደምተኛበት በልቤ ወሰንሁ።

ከተማ እንደገባሁ ለአክስቴ ደወልሁ። የት እንዳለሁ ስነግራት ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘም ካለ በኋላ፣ «ምነው ልጄ፣ ቤት እያለህ?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም የምመልሰው አጣሁ።

አክስቴ አርባ ዓመት የኖረችው እዚያው ዶሮ ማነቂያ ነበር። አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር የማድረው በእርሷ ቤት ነው፤ መሐል ከተማ የተባለውን ሁሉ በእግሬ እየደረስሁ፣ ማታ ሽሮዋን እየበላሁ፣ ከመደቡ ላይ እተኛ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እርሷም ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ተዛወረች። ስለዚህ ዛሬ ቤትም አለኝ፣ ዘመድም አለኝ፤ መሐል ከተማ ግን የለኝም። መሐል ከተማ የሚኖረኝ በገንዘብ ስከራየው ብቻ ነው።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በመስኮት በኩል ከግቢው ተደርድረው የቆሙትን መኪኖች እያየሁ፣ ይህ ነገር፣ ማለትም በገንዘብ ማደር፣ መቼ ወደ እኛ አገር እንደገባ፣ ሲገባስ ምን ይዞብን እንደሄደ፣ ምንስ እንዳመጣልን አሰላስል ጀመር። መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። ካደርሁበት ክፍል ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል አለና።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ከሆቴሉ በፊት የነበረችውን አዲስ አበባ በዓይነ ኅሊናህ አስባት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃ አጠገብ ሠፍረው ስሟን ካወጡላት ጊዜ ጀምሮ ይህች ከተማ ያደገችው እንደ ጦር ሠፈር ነው። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ከመስፈር የመጣ መሆኑን ልብ ይሏል። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እየተባለ፣ እያንዳንዱ መኳንንት ከተመራበት ጉብታ ላይ አዳራሹን ሲሠራ፣ ተከታዩ በዙሪያው ጎጆውን ቀለሰ። ከጠቅላይ ግዛት ለሙግት፣ ለግብር ወይም ለደጅ ጥናት የሚመጣ ሰው የት እንደሚያድር አይጨነቅም ነበር። የጌታው ሠፈር ይታወቃል፤ የአገሩ ልጅ ጎጆ ይታወቃል። ይህም ባይኖር «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ይህ ማለት ግን የቀድሞው እንግድነት ያለ ገደብ ነበር ማለት አይደለም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ ከዚያ በኋላ መዳብ ነው ይሉ የነበሩት እኮ እነዚያው ደጋግ አባቶቻችን ናቸው። የሆነ ሆኖ እህል ውኃን በገንዘብ መለወጥ፣ ለእንግዳ መኝታ ዋጋ መጠየቅ፣ በክብር ቤት የማይታሰብ ነውር ነበር። ጠጅ የሚሸጥ ሰው አልጠፋም። ነገር ግን ጠጅ መሸጥ የጨዋ ሰው ሥራ ተብሎ አልተቆጠረም።

ታዲያ ይህን ነውር የሰበረችው ማን ናት? በአገሩ ላይ ከሁሉ የበለጠ ግብር ታበላ የነበረችው ሴት ናት። እቴጌ ጣይቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያሰናዱት ግብር ለቀናት የዘለቀ፣ ስሙም እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች የሚነሣ ነው። በኋላም በታላቁ ቤተ መንግሥት አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራው ሲገባና ሲወጣ፣ ወጡንና እንጀራውን፣ ጠጁንና ጠላውን የሚቆጣጠረው የእርሳቸው ጓዳ ነበር። ያንን ሁሉ ሕዝብ በነጻ ያበሉት እጆች ናቸው እንግዲህ የመጀመሪያውን ባለ ዋጋ ገበታ የዘረጉት።

ምክንያቱን ለመረዳት ዓድዋን ማስታወስ ይገባል። ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኋላ አዲስ አበባ የዓለም መንግሥታት መልእክተኞች የሚጎርፉባት ከተማ ሆነች። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩሲያ፣ የጣሊያንም ሌጋሲዮኖች ተከፈቱ። የግሪክና የአርመን ነጋዴው፣ የህንድ ግንበኛው፣ የማዕድን ፈላጊው፣ የመሣሪያ ሻጩ ተከታትሎ መጣ። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ የባሕሩ መንገድ አጠረ፤ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ግን ገና የበቅሎና የግመል መንገድ ነበር። እንዲህ ለሳምንታት በበቅሎ ተጉዞ የደረሰ የውጭ አገር ሰው፣ በከተማዪቱ የጌታው ሠፈር የለውም፤ የአገሩ ልጅ ጎጆ የለውም፤ «የእግዜር እንግዳ» የምትለዋንም ቃል አያውቃትም። ወይ ድንኳኑን ይተክላል፣ ወይ ከሌጋሲዮኑ ደጅ ይጠናል።

ሆቴሉ የተሠራው ለዚህ ሰው ነው። ሆቴል ማለት በመሠረቱ ዘመድ የሌለው ሰው ዘመድ ነው። ቃሉን ከፈረንሳይኛ ነው የወሰድነው፤ የቃሉ ሥር የሆነው የላቲን ቃል ግን ሁለት ፊት አለው፤ እንግዳውንም፣ አስተናጋጁንም በአንድ ስም ይጠራል። ሁለቱን ሰዎች የሚለያቸው የበሩ መድረክ ብቻ መሆኑን የቃሉ ባለቤቶች ያወቁት ይመስላል። በኋላ ዘመን ጣሊያኖች የራሳቸውን ቃል ጥለውልን ሄዱ፤ እኛም አሳጥረን «ቤርጎ» አልነው። ቃሉ እየወረደ መጥቶ የርካሽ መኝታ ስም ሆነ። «ሆቴል» ግን ክብሩን እንደ ጠበቀ ቆየ። አንድ ዓይነት ነገር በሁለት ስም ሲጠራ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ማለቱ የቋንቋ ልማድ ነው።

የእቴጌ ሆቴል ምሥረታ ከ1898 ዓ.ም. ይቆጠራል፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ በሩን ለእንግዳ ከፍቶ ነበር። ያኔ የአገሬው ሰው ምን እንዳደረገ የሚተረክ ወግ አለ። ቤቱ ተዘጋጅቶ፣ ገበታው ተሰናድቶ ሳለ የሚገባ ጠፋ ይባላል። መኳንንቱ ገንዘብ ከፍሎ መብላት ነውር ሆነባቸው። በዚህ ጊዜ አጤ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ሲነሡም እንደ ማንኛውም ተመጋቢ ሒሳባቸውን ከፈሉ፤ በዚህም ለሌሎቹ ምሳሌ ሆኑ ይላል ወጉ። እውነት ሆነም አልሆነ፣ ወጉ የሚናገረው ነገር እውነት ነው። ንጉሠ ነገሥት ለገዛ ባለቤቱ የምግብ ዋጋ ሲከፍል ማየት፣ በዚያ ዘመን ለነበረ ሰው ዓለም የተገለበጠች ያህል ነው። በአዳራሹ ግብር ላይ በነጻ የሚበላው ሰው ባለ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን በታማኝነት፣ በዘመቻ፣ አንዳንዴም በሕይወቱ ይከፍላል። በሆቴሉ ገበታ ላይ ግን ሒሳቡን ከፍሎ የተነሣ ሰው የማንም ባለ ዕዳ አይደለም። ይህን ስናስተውል፣ እቴጌይቱ የሸጡት እንጀራ ብቻ እንዳልነበረ ይገባናል። በልቶ ነጻ ሆኖ የመሄድን ዕድል ጭምር ነው የሸጡት።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ። የሆቴል ታሪክ የሚጻፈው ዘወትር ስለ ክፍሎቹና ስለ ደረጃዎቹ ነው፤ ስለ ግቢው የሚጽፍ የለም። እንግዳ ግን ብቻውን አይመጣም። የተጫነበት በቅሎ አለ፤ ጓዙን የተሸከመ አጋሰስ አለ፤ ልጓም የሚይዝ ሎሌ አለ። በቅሎዋ የምትታሰርበት ካስማ፣ ድርቆሽና ገብስ የምታገኝበት ጥግ፣ ሎሌው የሚጠለልበት ጣሪያ ከሌለ፣ ጌታው በላባ ፍራሽ ላይ ቢተኛ እንኳ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። በጎጃም ሲራራ ነጋዴ የነበረው አያቴ፣ «በቅሎዬን ያላበላ ሰው እኔን አበላኝ አይባልም» ይል ነበር። ባረፈበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ማዕዱን አልነበረም። ኮርቻው ከወረደ በኋላ የበቅሎዋ ጀርባ በእፍኝ ሣር መታሸቱን ነበር የሚያየው። «ሰው ፊት ለፊት ያለውን ሁሉ ያከብራል፤ መልካም አስተናጋጅ የሚለየው ደጅ የተውኸውን ሲያከብርልህ ነው» ይለን ነበር።

ሆቴሉ ለእንግዳ ክፍት በሆነበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው እንግዲህ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሲድሌ የምትባለውን መኪና፣ መንገድ በሌለበት ምድር እያስጎተተም እያስገፋም፣ ከባሕር ጠረፍ እስከ ቤተ መንግሥቱ አደረሳት። አጤ ምኒልክም ተቀምጠውባት ተጓዙ። ሆቴልና መኪና በአንድ ዓመት፣ በአንድ ከተማ መገናኘታቸውን ማንም ያቀደው አልነበረም። ግን ሁለቱ መንታ ሆነው ቀሩ። በቅሎዋ የታሰረችበት ግቢ ቀስ በቀስ መኪና የሚቆምበት ሆነ። ካስማው ተነቀለ፤ ገብሱ ቀረ፤ ሎሌው ዘበኛ ተባለ። ዛሬ በየሆቴሉ በር ላይ «በቂ የመኪና ማቆሚያ አለን» ተብሎ የሚለጠፈው ጽሑፍ የዚያ የካስማው ልጅ ነው።

መሐል ከተማ የሚባለው ነገርስ? እርሱም ቢሆን በአንድ ቦታ ተቸክሎ የሚቀር አይደለም። ሆቴሉ ሲሠራ መሐሉ አራዳ ነበር። ገበያው እዚያ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ እዚያ፣ በ1898 ዓ.ም. የተመረቀው የአቢሲንያ ባንክም በዚያው አካባቢ ነበር። በ1909 ዓ.ም. 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ለገሃር ከተማዪቱን ወደ ደቡብ ሳባት። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጫን፣ በዋዜማው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ሲገለጥ፣ የዓለም ዓይን እንደገና ወደ አራዳ ተመለሰ። ከዚያ ጣሊያን ገብቶ ገበያውን ወደ መርካቶ ወሰደው፤ ለአራዳ ደግሞ ፒያሳ የሚል ስም ሰጠው። ከነጻነት በኋላ የአፍሪካ አዳራሽ፣ ቀጥሎም በ1969 እ.ኤ.አ. ሂልተን ሲከፈቱ ታላቁ እንግዳ ወደዚያ ዞረ፤ በኋላም ወደ ቦሌ። መሐሉ እንደ ድንኳን እየተነቀለ ሲተከል፣ ሆቴሉ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በዚህ ቦታ አንድ ነገር ያስታውሳሉ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ በ1930 እ.ኤ.አ. ለዘውዱ በዓል፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለጦርነቱ ዘገባ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ስኩፕ» በተሰኘው ልቦለዱ ውስጥ፣ እሽማኤልያ በምትባል የምናብ አገር፣ ጋዜጠኞች በአንድ ሆቴል ታጭቀው፣ ከሆቴሉ ሳይወጡ ጦርነት ሲፈጥሩ ያሳየናል። ሳቁ ይጎመዝዛል፤ ለእኛ ከስድብ የማይተናነስ ነገርም አለበት። ግን አንድ እውነት ይዟል፤ ሆቴል ውስጥ ያለ ሰው አገሩ ውስጥ ያለ ይመስለዋል እንጂ ገና ደጃፉ ላይ ነው። ማንም «ቤት ለእንግዳ» አላለውምና።

እቴጌይቱ ራሳቸው ይህን ሁሉ አላዩም። በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ፤ ባለቤታቸው በ1906 ዓ.ም. አረፉ፤ እርሳቸውም በ1910 ዓ.ም. ያን ታላቅ ግብር ባበሉበት በእንጦጦ ዐረፉ። የተከሉት ቤት ግን ጣሊያንን አየ፤ አብዮቱን አየ፤ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ እሳት አየ። በዚያች እሑድ የሆቴሉ ከፊል አካል ሲቃጠል፣ የጃዝ አፍቃሪዎች ይሰበሰቡበት የነበረው ጃዝአምባም አብሮ ነደደ። አክስቴ ጭሱን ከደጃፏ ሆና እንዳየችው፣ የሰፈሩ ሰው በጆግና በባልዲ ውኃ ይዞ እንደሮጠ ደጋግማ ነግራኛለች። «የእኛ ቤት የተቃጠለ ያህል ነው ያለቀስነው» ትላለች። ሆቴሉ ተርፎ ተጠገነ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የፈረሰው፣ ውኃ ይዘው የሮጡት ሰዎች ሰፈር ነው።

ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነጋ። አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ለካ ሆቴል የተሠራው ዘመድ ለሌለው ሰው ነበር፤ እኔ ግን ዘመድ እያለኝ ገባሁበት። አክስቴን ዝም ያሰኛት ይህ ነው። እርሷ የቆጠረችው የኪሎ ሜትሩን ርቀት አይደለም፤ የመኪና ማቆሚያውንም አይደለም። ከሠፈሯ ጋር እርሷም ከመሐል ወጥታ ዳር እንደ ተደረገች፣ እኔም ይህን ተቀብዬ እንደ ፈረምሁበት ነው የቆጠረችው። በሕግ ቋንቋ ብናየው ጥፋት የለብኝም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ስለ ሆቴል ውልና እንግዳው ይዞት ስለገባው ንብረት ኃላፊነት ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ባለ ሆቴሉ ምን ዕዳ እንዳለበት ይዘረዝራል። የወንድሟ ልጅ ለአክስቱ ያለበትን ዕዳ የሚዘረዝር አንቀጽ ግን የለም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጉዳዬ ስመለስ ከግቢው በር ላይ ነጠላ ያደረገች ሴት ከዘበኛው ጋር ቆማ ስትጨዋወት አየሁ። አክስቴ ናት። ሁለት ታክሲ ቀያይራ፣ ድፎ ዳቦ በአገልግል ይዛ መጥታለች። ዘበኛው ሸምገል ያሉ፣ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ የድፎውን ቁራሽ ይዘው እያመሰገኑ ነበር። ስታየኝ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣

«መኪናህ የትኛዋ ናት?» አለችኝ።

አሳየኋት። ዞር ዞር ብላ አየቻትና ወደ ዘበኛው መለስ ብላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ሌሊቱን ሙሉ የልጄን ንብረት ሲጠብቁ አደሩ» አለቻቸው። እርሳቸውም ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው፣ «ምን ችግር አለ እመቤቴ፤ የእንግዳ ነገር አይደለም እንዴ» አሉ።

የአያቴ ልጅ መሆኗን ያኔ አስታወስሁ። ማዕዱን ከማየቷ በፊት በቅሎዋን አየች። ለጌታው ከማቅረቧ በፊት ለሎሌው ቆረሰች። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሆቴል ምን ይዞብን ሄደ እያልሁ ስጨነቅበት የነበረው ነገር የትም አልሄደም ነበር፤ ሁለት ታክሲ ቀይሮ በአገልግል መጥቷል።

ደረጃውን ቀድሜ ወጥቼ የክፍሌን በር ከፈትሁላት። ከመድረኩ ላይ ቆም ብላ፣ በልማዷ፣ «ቤቶች!» አለች።

በዚያች በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ሆኜ፣ «ቤት ለእንግዳ» አልኋት።

በሦስተኛው ቀን ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። የሆቴሉ ዕዳ በዚያው አለቀ። ያችን ሌሊት ያደርሁት ግን ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ፣ አክስቴ ዘንድ ነበር።